ጥቁር ሁሉ አንድ ጥቁር አይደለም

ነጭና ጥቁር ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ አምሮ ይታይና ወደ ወረቀት ሲወርድ ተደፋፍኖ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። በቤት የኖረውን ያያቱን ፎቶግራፍ ስካን አድርጎ በትልቁ ያሳተመ ተማሪ ይህን ያውቀዋል። ሽማግሌው የደረቡት ጥቁር ካባ በስክሪኑ ላይ ጥልፉ ሳይቀር ይለይ ነበር፤ በወረቀቱ ላይ ግን አንድ ወጥ ጥቁር ጨርቅ ሁኖ ይቀራል። ከባርኔጣው ጥላ ሥር ያለው ፊትም ዐይኑና ቅንድቡ አይለይም። ሰው ጥፋቱን በማተሚያው ወይም በቀለሙ ላይ ያላክካል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ከማተሙ በፊት ማንም ልብ ሳይለው በሚያልፈው አንድ ምርጫ ላይ ነው፤ ይኸውም ሬንደሪንግ ኢንቴንት የሚባለው ነው።

እያንዳንዱ ስክሪንና እያንዳንዱ ወረቀት ሊያሳይ የሚችለው የቀለም ስፋት የተወሰነ ነው። ይህን ስፋት የሚመዘግበው ፋይል ፕሮፋይል ይባላል። ደንቡን የሚያወጣው፥ አዶቢ፥ አፕል፥ ኮዳክና ማይክሮሶፍት ያሉባቸው ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. ያቋቋሙት ዓለም አቀፍ የቀለም ኮንሰርሺየም ነው። ሬንደሪንግ ኢንቴንት እንግዲህ ቀለሙ ከሰፊው ወደ ጠባቡ ሲሻገር በምን ሥርዓት ይሻገር ለሚለው ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። መልሶቹም ፐርሴፕቹዋል፥ ሬላቲቭ ኮለሪሜትሪክ፥ ሳቹሬሽንና አብሶሉት ኮለሪሜትሪክ የሚባሉት አራቱ ናቸው።

ስለ አራቱ የሚሰጠው ምክር በአመዛኙ ስለ ደማቅ ቀይና ስለ አረንጓዴ ነው። በነጭና ጥቁር ሥዕል ውስጥ ግን ከስፋቱ ውጭ የሚወድቅ ደማቅ ቀለም የለም፤ ግራጫው ሁሉ የመኻሉን መንገድ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ክርክሩ በሁለቱ ጫፎች፥ ይልቁንም በጥቁሩ ጫፍ ላይ ነው።

የብርሃን ልኬት ከ0 እስከ 100 ነው ብንል፥ በፋይሉ ውስጥ ያለው ጥቁር 0 ይደርሳል። ደብዛዛ ወረቀት የሚይዘው ጥልቅ ጥቁር ግን ካገኘው ብርሃን አንድ አርባኛውን ያህል ይመልሳልና ከ18 ግድም አያልፍም። አንጸባራቂ ወረቀት አንድ ሁለት መቶኛውን ብቻ ስለሚመልስ እስከ 4 ወይም 5 ይወርዳል። ታዲያ ከ0 እስከ 18 ያለው የጥላ ዝርዝር ምን ይሁን?

ሬላቲቭ ኮለሪሜትሪክ ነጩን ከወረቀቱ ነጭ ጋር ያገጣጥምና የቀረውን እንዳለ ይተወዋል፤ ወረቀቱ የማይደርስበትን ግን ሁሉንም በአንድ ጥቁር ላይ ይከምረዋል። ካባው የጠፋው እዚህ ላይ ነው። መድኀኒቱ ብላክ ፖይንት ኮምፐንሴሽን የምትባለውን ትንሽ ሣጥን ምልክት ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ የፋይሉ ጥቁር ከወረቀቱ ጥቁር ጋር ይገናኝና መኻሉ በመጠኑ ይጨመቃል። ይህ ስሌት እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ወጥቶለታል።

ፐርሴፕቹዋል ጭመቃውን ራሱ ይሠራል፤ ነገር ግን አጨማመቁን የሚወስነው ፕሮፋይሉን የሠራው ሰው ወይም ፕሮግራም ነው። ስለሆነም ለአንድ ወረቀት የተሠሩ ሁለት ፕሮፋይሎች ሁለት ዐይነት ጥላ ሊያወጡ ይችላሉ። «ለፎቶግራፍ ሁልጊዜ ፐርሴፕቹዋል» የሚለው ምክር በእኔ አስተያየት የስንፍና ምክር ነው። መጀመሪያ ሬላቲቭ ከነሣጥኗ መሞከር፥ ከዚያም ከፐርሴፕቹዋል ጋር ማስተያየት ይሻላል። አብሶሉት የሌላውን ወረቀት ነጭ ጭምር ስለሚቀዳ ንጹሑን ነጭ ሊያቀላው ወይም ሊያደበዝዘው ይችላል፤ እርሱ የኅትመት ናሙና ለሚያወጡ ነው። ሳቹሬሽን ለቻርትና ለሰንጠረዥ ይሁንላቸው።

ግራጫው አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ እየመሰለ የሚያስቸግር ከሆነ ግን አራቱም አያድኑም። ያ የሚመጣው ግራጫው ከባለ ቀለም ቀለሞች ሲቀላቀል ነው። ኤፕሰን እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. ጥቁርና ሁለት ዐይነት ግራጫ የያዙ ማተሚያዎችን ያወጣው ለዚህ ነበር፤ በእነዚህ የነጭና ጥቁር ስልት ሲታተም በተለምዶ ቀለሙን የሚያስተዳድረው የማተሚያው ፕሮግራም ራሱ ነው።

ትልቁን ወረቀት ከማበላሸት በፊት ከ0 እስከ 20 በየሁለቱ ደረጃ የተከፈለ ጥቁር ጥብጣብ በዚያው ወረቀት ቁራጭ ላይ ማተምና በቀን ብርሃን በመስኮት አጠገብ ስንቱ ደረጃ እንደሚለይ መቁጠር ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም።