መልኩን የቀየረ አለርጂ፦ ጠላትን አላምዶ የማብረድ ሕክምና

በጠዋቱ ተደጋጋሚ ማስነጠስ፣ የዓይን ማሳከክ፣ የአፍንጫ መዘጋት፤ ከዚያ ያቺን የተለመደች ሴትሪዚን መዋጥ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ አይደል? ክኒኗ ለዛሬ ታስታግሳለች፤ ነገ ግን ያው ነው። ምክንያቱም የምታግደው የአለርጂውን ስሜት እንጂ ምንጩን አይደለም።

ምንጩ የት ነው?

የሰውነታችን መከላከያ ምንም የማይጎዳንን የሣር ብናኝ እንደ ጠላት ይቆጥርና አይጂኢ የተባለ አንቲቦዲ ያመርትበታል። አይጂኢ ማስት በሚባሉ ሴሎች ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል። ብናኙ ተመልሶ መጥቶ አይጂኢዎቹን እርስ በርስ ሲያገናኛቸው ሴሉ ሂስታሚን ይረጫል። ማስነጠሱም ማሳከኩም ከዚያ ይጀምራል።

ምንጩን የመንካት ሙከራ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 በለንደን ሴንት ሜሪ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሊዮናርድ ኑን፣ ከሣር ብናኝ የተዘጋጀ ፈሳሽ ለታማሚዎች በጥቂት በጥቂቱ እየወጋ ያገኘውን ውጤት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ። የሚገርመው፣ ኑን ብናኙ ውስጥ መርዝ ያለ መስሎት ነበር። ሐሳቡ ስህተት፣ መርፌው ግን ሠራ! ዛሬም የሕክምናው መሠረት ያው ነው።

ችግሩ፣ የሚወጋው ነገር ራሱ አለርጂ ቀስቃሽ መሆኑ ነው። መጠኑ ካለፈ ትንፋሽ የሚያሳጥርና የደም ግፊትን የሚጥል አናፊላክሲስ ሊያስከትል ይችላል፤ እሱ ደግሞ ይገድላል። መጠኑን ከፍ ቢያደርጉት አደጋ፣ ዝቅ ቢያደርጉት ከንቱ።

ፊቱን የተከናነበው እንግዳ

መላው ከመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መጣ። የበሽታው መርዝ በፎርማሊን ሲታከም ጉዳቱ ይጠፋና ሰውነትን የማስተማር አቅሙ ይቀራል፤ ቶክሶይድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1970 ዴቪድ ማርሽና ባልደረቦቹ ይህንኑ በሣር ብናኝ ላይ ሠሩና ውጤቱን አለርጎይድ አሉት።

ፊቱን ተከናንቦ የገባ እንግዳ በሉት። በር ላይ ያለው ዘበኛ አይጂኢ የሚለየው በመልክ ነው፤ ስለዚህ አያውቀውም፣ ጩኸትም አያነሳም። ቲ ሴል የሚባለው ግን ፕሮቲኑን የሚያነበው ተቆራርጦ ሲቀርብለት ስለሆነ መታወቂያውን ያገኛል፤ ቀስ በቀስም ይለምደዋል። ሰውነት ከዚያ አይጂጂ4 የተባለ ሌላ አንቲቦዲ ያመርታል፤ ይህ ደግሞ አለርጂ ቀስቃሹን አይጂኢ ጋ ሳይደርስ ይይዘዋል።

እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ በካናዳ ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት አሌክ ሴሆንና ባልደረባቸው ሌላ መንገድ አሳዩ። አለርጂ ቀስቃሹን ፖሊኢታይሊን ግላይኮል ከተባለ ኬሚካል ጋር አጣብቀው ሲሰጡ፣ በአይጦች ላይ የአለርጂው አንቲቦዲ ምርት ራሱ ታፈነ።

ታዲያ ተገላገልን?

በአንዴ አይደለም። አይጂኢ መጀመሪያ ላይ ጨመር ሊል ይችላል፤ የሚወርደው ዘግየት ብሎ ነው። ሕክምናው በአብዛኛው 3 ዓመት ያህል ይፈልጋል። ከእያንዳንዱ መርፌ በኋላም ቢያንስ 30 ደቂቃ ሐኪም ቤት መቆየት ግድ ነው፤ መልኩ ቢቀየርም አደጋው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። አስማቸው ያልተረጋጋ ሰዎች ደግሞ አይጀምሩትም። አለርጎይድ ጀርመንን በመሳሰሉ የአውሮፓ አገሮች በሥራ ላይ ሲሆን፣ አሜሪካ ግን ፈቃድ አልሰጠችውም።

ለእናንተ የሚሆነው የመጀመሪያ እርምጃ ቀላል ነው፤ የሚቀሰቅስባችሁን ነገር በምርመራ እወቁ። የሣር ብናኝ ለሆነበት ሰው የአቧራ መርፌ አይሠራለትም። ትንፋሽ ካጠረ፣ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን ክኒን ፍለጋ አትዘግዩ፤ የሚያስፈልገው አድሬናሊን ነውና በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።