የቆመውን ሥራ የሚያሳየው ሰሌዳ የትኛው ነው?

መካነ ሰላም ላይ የመመረቂያ ፕሮጀክት የያዙ ተማሪዎች «ለቡድናችን የስክረም ሰሌዳ ይሻላል ወይስ ካንባን?» እያሉ ይጠይቁኛል። መልሴን ላስቀድም፦ ካንባን፤ ያውም በወረቀትና በፕላስተር ግድግዳ ላይ የተሠራ።

ሁለቱ ከሩቅ ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ። «ሊሠራ»፣ «እየተሠራ»፣ «እየተፈተሸ»፣ «ያለቀ» የሚሉ ዓምዶች አሏቸው፤ ካርዱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። የስክረም ሰሌዳ የሚጠብቀው ግን ቀጠሮን ነው። ቡድኑ ከአንድ ወር በማይበልጥ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት፣ የሚጨርሰውን መርጦ ይለጥፋል። ይህ ጊዜ ስፕሪንት ይባላል፤ ሲያልቅ ሰሌዳው ተራግፎ እንደገና ይሞላል። ካንባን አይራገፍም። እሱ የሚጠብቀው በዓምዱ ራስ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው። «እየተሠራ» ላይ 3 ተብሎ ከተጻፈ አራተኛ ካርድ አይገባም፤ መጀመሪያ ከሦስቱ አንዱ ይለቅ።

መነሻው የቶዮታ ፋብሪካ ነው። ታይቺ ኦኖ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቀጣዩ የሥራ ክፍል በካርድ ሳይጠይቅ ቀዳሚው ክፍል ዕቃ እንዳያመርት ሥርዓት አበጀ። ወደ ሶፍትዌር ሥራ ያመጣው ዴቪድ አንደርሰን ሲሆን መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ።

ብዙዎች ዓምዶቹን ይሠሩና ቁጥሩን ይተዉታል። ያኔ ሰሌዳው ጌጥ ሆኖ ይቀራል። አባቶቻችን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ያሉት እዚህ ላይ ይሠራል፤ ሒሳቡም ይደግፋቸዋል። ቡድናችሁ በሳምንት 3 ሥራ የሚጨርስ ከሆነና 12 ሥራ ከጀመረ፣ አንዱ ሥራ ከተጀመረ በኋላ እስኪያልቅ በአማካይ 4 ሳምንት ይፈጃል። የተጀመረውን ወደ 6 ብታወርዱት 2 ሳምንት ይበቃዋል። ይህ የሊትል ሕግ የሚባለው ነው፤ ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ አረጋግጦታል።

ስፕሪንት የሚያምረው ሁለቱ ሳምንት በእጃችሁ ሲሆን ነው። መብራት ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ዕቅዱ በየጊዜው ይፈርሳል፤ ዕቅዱ በፈረሰ ቁጥር ደግሞ የቡድኑ ልብ አብሮ ይወድቃል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ሲዘጋ፣ ሥራውን ትሬሎ በሚባለው የኢንተርኔት ሰሌዳ ላይ ያስቀመጠ የስልክ ተጠቃሚ ሰሌዳውን ማየት አልቻለም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ግን አይጠፋም። አማካሪያችሁ በየሁለት ሳምንቱ ሥራችሁን የሚያይ ከሆነ፣ ወይም ከቡድናችሁ ግማሹ ሌላ ከተማ፣ ለምሳሌ ቱሉ አውሊያ፣ ሆኖ ኔትወርኩ ደህና ከሆነ፣ ስክረምም ትሬሎም ጥሩ ናቸው፤ አልከራከርም።

ከሁሉም በላይ የማደንቀው ሰሌዳ ግን ከሶፍትዌር ዓለም አልመጣም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በጤና ኬላ የሚጠቀሙበት፣ በወራት የተከፋፈለው የቲክለር ሳጥን ነው። የነፍሰ ጡሯ ወይም ክትባት የሚቀረው ሕፃን ካርድ በሚቀጥለው ቀጠሮ ወር ክፍል ይቀመጣል። አገልግሎቱ ሲሰጥ ካርዱ ወደ ቀጣዩ ቀጠሮ ወር ይዛወራል። ወሩ ሲያልቅ እዚያው የቀሩት ካርዶች ያልመጡት ሰዎች ናቸው፤ ባለሙያዋ እነሱን ፍለጋ ትወጣለች። በደቡብ ወሎ፣ በቦረናና በሳይንት ደጋ፣ አንዱ መንደር ከሌላው በሸለቆ በሚለይበት አገር፣ ዛሬ ወደ የትኛው ቤት ልሂድ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ኮምፒውተር አይጠይቅም፤ የተረሳውን ሰው ግን ያሳያል።

ካንባን የተረሳውን በማሳየት ላይ ይደክማል። አንድ ካርድ «እየተፈተሸ» የሚለው ዓምድ ውስጥ ሦስት ሳምንት ቢቀመጥም ሥራ ላይ ያለ ይመስላል። ስለዚህ ከጤና ኬላው ተማሩ፦ ካርዱ ወደ ዓምዱ የገባበትን ቀን በማርከር ጻፉበት። በየሳምንቱ ስትሰበሰቡ ውይይቱን ከአዲሱ ሥራ አትጀምሩ፤ ቀኑ ከራቀው ካርድ ጀምሩና ምን እንደያዘው ጠይቁ። የሚያስፈልገው የሌላ ሰው እርዳታ ከሆነ ያንኑ ዕለት ሰው መድቡለት።

ዛሬ ማታ አራት ዓምድ አስምሩ፤ «እየተሠራ» ላይ ከቡድናችሁ አባላት ቁጥር የማይበልጥ ገደብ ጻፉ። ከአንድ ወር በኋላ የሰሌዳችሁን ፎቶ ላኩልኝ፤ የት ላይ እንደተጨናነቀ አብረን እናያለን።