የሁለት ዓመት የኤሌክትሮኒክስ ትምህርትና የነጋዴው ድርሻ
በዶርዜና በአርባ ምንጭ አካባቢ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መንገደኛ፣ ከዓባያና ከጫሞ ሐይቆች ቆላ ወጥቶ ወደ ጋሞ ደጋ ብርድ ለመግባት ብዙ ሰዓት አያስፈልገውም። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ላይ ስትሆን፣ ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚሁ አቀበት ላይ ያለው የዶርዜ አገር በጋቢውና በጥበቡ፣ ከቀርከሃም በሚሠሩት ረጃጅም ቤቶቹ የታወቀ ነው። ሆኖም ዛሬ በዚሁ አገር የሶላር ሰሌዳ፣ የቴሌቪዥን ሳህንና የእጅ ስልክ እንግዳ ነገሮች አይደሉም። እነዚህን ዕቃዎች አስመጪው ከውጭ ያስገባል፤ ጅምላ ሻጩ ያከፋፍላል፤ ባለሱቁ ይሸጣል። ዕቃው የተበላሸ እንደ ሆነ ግን ገዢው የሚመለሰው ወደ ባለሱቁ ነው። ባለሱቁም የሚያመለክተው ጠጋኝ ከሌለ፣ ቅሬታው በዕቃው ላይ ብቻ ሳይሆን በሻጩም ስም ላይ ያርፋል።

ስለዚህ የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሺያን ማሠልጠን የትምህርት ቤቶች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በ1979 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተቋቋመው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጎ መሐንዲሶችን ያስመርቃል። ነገር ግን የመሐንዲስና የቴክኒሺያን ሥራ ልዩ ልዩ ነው። መሐንዲሱ ይነድፋል፤ ቴክኒሺያኑ ይተክላል፣ ይለካል፣ ይጠግናል። ለዚህ ለኋለኛው ሥራ በብዙ አገሮች የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት የተለመደ መንገድ ነው። በአገራችንም ቢሆን ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት የኤሌክትሪክ ቴክኖሎጂን ከጨርቃ ጨርቅና ከብረታ ብረት ሙያ ጋራ ጎን ለጎን ያስተምር ነበር። ከዚያም 10+1፣ 10+2፣ 10+3 የተባሉት የሙያ ትምህርቶች መጡ፤ በ2000 ዓ.ም. በወጣው ስትራቴጂ ደግሞ ሥልጠናው በአምስት ደረጃዎች ተከፍሎ ነበር።

ሁለት ዓመት ሲባል ረጅም ጊዜ ይመስላል። በተግባር ግን አራት መንፈቅ ብቻ ነው፤ ትምህርቶቹም እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። አልጀብራ የማያውቅ ተማሪ የኦም ሕግን በሚገባ አይሠራበትም። የኦም ሕግን ያልያዘ ስለ ቀጥታ ፍሰት፣ ትሪጎኖሜትሪ ያልተማረ ስለ ተለዋዋጭ ፍሰት በቅጡ አይረዳም። እነዚህ ሳይያዙ ወደ ዳዮድና ወደ ትራንዚስተር፣ ከዚያም ወደ ኃይል አቅራቢ ሰርኪዩትና ወደ ዲጂታል ትምህርት መዝለል ጊዜን ማባከን ነው። ሒሳቡ ከብዶት ለሌላ መንፈቅ ያስተላለፈ ተማሪ፣ ትምህርቱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ሁለቱ ዓመት ሦስት ይሆኑበታል። ልጁን ወደ ኮሌጅ የሚልክ ነጋዴ ክፍያውን ከመጠየቁ በፊት የትኛው ትምህርት ከየትኛው እንደሚቀድምና በየትኛው መንፈቅ እንደሚሰጥ ቢጠይቅ ብዙ ወጪ ያድናል።

የሒሳቡ ጥቅም ለባለሱቁም ቅርብ ነው። በ220 ቮልት የሚሠራ 1,100 ዋት ምድጃ 5 አምፔር ይስባል። ይህን ማስላት የማይችል ሠራተኛ ምን ያህል ውፍረት ያለው ገመድ እንደሚያስፈልግ አያውቅም፤ ቀጭን ገመድም ይግላል፣ ግለቱም ሱቅ ያቃጥላል።

ይህን የመሰለው ቅደም ተከተል ለዶርዜ ሰው እንግዳ አይደለም። ሴቶች በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። የሸማኔ ልጅ በመጀመሪያ ቀሰም ያጠነጥናል፤ ቀጥሎ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ሜዳውን ይሸምናል፤ ጥበብ ወደ መጣል የሚደርሰው እጁ ከተፈታ በኋላ ነው። ማንም አባት ልጁን ከጥበቡ አያስጀምረውም። ሽመናና ኤሌክትሮኒክስ የሩቅ ዝምድናም አላቸው። ፈረንሳዊው ዣካር በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በተበሱ ካርዶች የሚመራ የሽመና መሣሪያ ሠራ፤ ያ አሠራር በኋላ ለሒሳብ መኪናዎች አገለገለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹም ወደ ጨረቃ ለሄደው አፖሎ የተሠራው ኮምፒዩተር ቋሚ መመሪያውን የያዘበት ክፍል በአሜሪካ፣ በዋልታም ከተማ፣ በሴት ሠራተኞች እጅ የተጠለፈ ነበር። ሽቦው በማግኔቱ ቀለበት ውስጥ ካለፈ አንድ፣ በውጭ ካለፈ ዜሮ ይባላል። ይህም ሸማኔ ሁሉ ድሩን ትቶ ብየዳ ይማር ለማለት አይደለም፤ ጥሩ ሸማኔን መካከለኛ ጠጋኝ ማድረግ ለጋቢ ነጋዴው ኪሳራ ነው። ከቤቱ ሙያ ውጭ ኑሮ ለሚፈልገው ወጣት ግን በቅርቡ ሌላ በር መኖር አለበት።

ዕቅዱ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በመጽሐፉ ሳይሆን በጠረጴዛው ላይ ነው። ኦሲሎስኮፕ ተገዝቶ፣ ተማሪው በየሳምንቱ የሚያቃጥላቸው ጥቃቅን ሬዚስተሮች፣ ካፓሲተሮችና ዳዮዶች በበጀቱ ካልተያዙ፣ ውድ መሣሪያው በካርቶኑ ውስጥ ይቀመጣል። እዚህ ላይ አስመጪው ከማንም የበለጠ ሊረዳ ይችላል። መለዋወጫ ከዕቃው ጋር አብሮ ማስገባት፣ ከፋብሪካውም የጥገና መመሪያውንና የሰርኪዩቱን ንድፍ ጠይቆ ለኮሌጁ ማድረስ ከትርፉ የሚቀንስበት ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የሥራ ላይ ልምምድ ነው። የአገራችን የሙያ ሥልጠና ሰባ በመቶው በተግባር እንዲሆን የታሰበ ሲሆን፣ ከተግባሩም ብዙው በድርጅቶች ውስጥ እንዲፈጸም ይፈለጋል። ድርጅት ከሌለ ግን ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ይቀራል። በሌላ በኩል ሠልጣኝን ያለ ውል መቀበል አደጋ አለው። የጋሞ ደጋ ልጆች ሙያ ትማራላችሁ ተብለው ወደ አዲስ አበባ የሽመና ቤቶች ከተወሰዱ በኋላ፣ ከትምህርትም ከደመወዝም ተለያይተው ሲሠሩ የታዩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በጥገና ሱቅም ሠልጣኙ ሻይ አመላላሽና ጠራጊ ሆኖ እንዳይቀር፣ የሚማረው ሥራ፣ የሚቆይበት ጊዜና የሚከፈለው አበል ሱቁ፣ ኮሌጁና ወላጅ በሚፈርሙበት ጽሑፍ መወሰን አለበት።

ገበያው ደግሞ አይጠብቅም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የሚያስመጡ ነጋዴዎች በዝተዋል። እንዲህ ያለ መኪና የዶርዜን አቀበት ሲወጣ ባትሪውን በብዛት ይጨርሳል፤ ሲወርድ ግን ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ከጨረሰው ጥቂቱን ይመልሳል። ይህን የሚቆጣጠረው ክፍል የተበላሸ እንደ ሆነ በመፍቻ ብቻ የሚሠራ መካኒክ አይፈታውም። ወደ አዲስ አበባ ልጫነው ቢባል መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ትምህርቱን ዛሬ የሚጀምር ተማሪ ለሥራ የሚደርሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያው ሠልጣኝ ለመቀበል የሚያስብ ባለሱቅ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም፦ ደኅና ብርሃን ያለው ጠረጴዛ፣ አንድ መልቲሜትር፣ አንድ የብየዳ ብረት፣ ደንበኛ ትቶት የሄደ ብልሽት ያለበት ራዲዮ፣ እንዲሁም በቀን አንድ ሰዓት አጠገቡ ተቀምጦ የሚያሳየው ሰው።