ከጥድ ዛፎች መካከል ያለው የሙስሊሞች መቃብር



«ኡስታዝ፣ እነዚህ ሰዎች ለማን ብለው ነው የሞቱት?»

ይህን የጠየቀኝ የአሥራ አራት ዓመት ተማሪዬ ነው። ያሳየኋቸው ፎቶግራፍ በዛፎች መካከል የቆመ፣ ጉልላት ያለው የጡብ በር ነበር። ልጆቹ ሕንድ መሰላቸው። ቦታው ግን እንግሊዝ አገር፣ ዎኪንግ በምትባል ከተማ ዳር፣ ሆርሴል ኮመን በሚሉት ጫካ ውስጥ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብሪታንያ ከሕንድ ያመጣቻቸው ወታደሮች ፈረንሳይ ውስጥ ቆስለው ብራይተን ከተማ ይታከሙ ነበር። ቀድሞ የነገሥታት መዝናኛ የነበረው ቤተ መንግሥት ሆስፒታል ሆኖ፣ ለሙስሊሙና ለሂንዱው ኩሽናውም የውሃ ቧንቧውም ተለይቶ፣ በግቢው ሣር ላይ ወደ ቂብላ የሚሰገድበት ቦታ ተከልሎ ነበር። ከሙስሊሞቹ የሞቱት በ1889 ከተሠራው የሻህ ጀሃን መስጊድ ብዙም ሳይርቅ ተቀበሩ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ከደግነት ብቻ የመጣ አልነበረም። በኅዳር 1914 የዑስማንያው ኸሊፋ በብሪታንያና በአጋሮቿ ላይ ጂሃድ አውጆ ነበር፤ ጀርመኖችም «ብሪታንያ የሙስሊም ሬሳ በሸሪዓው ሥርዓት አትቀብርም» እያሉ ያስወሩ ነበር። ወሬው ሕንድ ከደረሰ የሚያስከትለውን መንግሥቱ ያውቃል። ስለዚህ መቃብሩ ታጠረ፣ በሩ ተሠራ፣ ሥራው በ1917 አለቀ። እንግዲህ የልጁ ጥያቄ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፤ እነዚህ ሰዎች የቆሙት ከኸሊፋው ጋር በሚዋጋ ሠራዊት ውስጥ ነበር። ለደመወዝ የገባ አለ፣ የአባቱን ፈለግ ተከትሎ የገባ አለ፣ የገባውን ቃል አላፈርስም ያለም አለ። ኒያቸውን አላህ ያውቃል አልኩት። ልጁ ግን መልሱ አላረካውም፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም አላረካኝም።

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች 27 ሰዎች እዚያ አርፈው ነበር። ቦታው በአጥፊዎች እየተጎዳ በመሄዱ በ1968 አፅማቸው ብሩክዉድ ወደሚገኘው የወታደሮች መቃብር ተዛወረ። ባዶ የቀረው አጥር በ2015 የሰላም የአትክልት ቦታ ሆኖ ተከፈተ፤ 27 ዛፎች ተተከሉበት። በመሆኑም ወደዚያ የሚሄድ ቤተሰብ ሰላምታውንና ዱዓውን ብሩክዉድ ድረስ ይዞ መሄድ ይኖርበታል።

ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ቺቸስተር አጠገብ፣ በጎ ፈቃደኞች በ1982 የከፈቱት የታንግሚር የጦር አውሮፕላኖች ሙዚየም አለ። ወንዶች ልጆች የሚሮጡት ወደ ጄቶቹ ነው፤ በ1953 ከዚሁ ጣቢያ የተነሣ ሀንተር ጄት በሰዓት 1,171 ኪሎ ሜትር በመብረር የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሯል። እኔ ግን ሴቶች ልጆቻችንን ይዛችሁ ስለ ላይሳንደር የሚናገረው ዘንድ ቁሙ እላለሁ። ላይሳንደር በጎኑ መሰላል የተገጠመለት ትንሽ አውሮፕላን ነበር። ጨረቃ በምትሞላበት ሰሞን ብቻ፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን እየተመራ በጠላት በተያዘችው ፈረንሳይ ሜዳ ላይ አርፎ፣ ሰላዮችን አውርዶ ወዲያው ይነሣ ነበር። አብራሪዎቹም እንደኛ የጨረቃን ቀን ይቆጥሩ ነበር ማለት ነው።

በሰኔ 1943 ከታንግሚር በእነዚህ በረራዎች ከሄዱት አንዷ ኑር ዒናያት ኻን ናት። አባቷ ሕንዳዊ የሱፊ መምህር ነበሩ። (በመንገዳቸው ላይ ዑለሞች የሚሉት አላቸው፤ እሱን ለጊዜው እንተወው።) ያሳደጓት ማንንም እንዳትጎዳ አስተምረው ነው፤ ሥራዋም ለልጆች ተረት መጻፍ ነበር። እንግሊዞች ወደ ፈረንሳይ የላኳት የመጀመሪያዋ ሴት የሬዲዮ ኦፕሬተር ሆነች። በደረሰች በቀናት ውስጥ ባልደረቦቿ ሲያዙ «ተመለሺ» ብትባል እምቢ አለች። ቦታ እየቀያየረች እስከ ጥቅምት መልእክት አስተላለፈች፤ ከዚያ ተጠቁማ ተያዘች። ወራት በሰንሰለት ታስራ፣ መስከረም 13 ቀን 1944 ዳኻው በተባለው ካምፕ ተገደለች። ዕድሜዋ 30 ነበር። በ1949 ጆርጅ ክሮስ የተባለው ከፍተኛ ኒሻን ተሰጣት።

ይህን ስነግራቸው ያው ልጅ እጁን አወጣ። «እሷስ የት ተቀበረች?»

መቃብር የላትም። ዊንዘር አጠገብ ራኒሚድን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ በ1953 የተመረቀ የአየር ኃይል መታሰቢያ አለ፤ መቃብራቸው ያልታወቀ ከሃያ ሺህ በላይ ሰዎች ስም በድንጋይ ተቀርጿል። የእሷም አለ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ራሳቸው ይፈልጉት፤ ጊዜ ይወስዳል።