የወሎን ሸኾች የጻፉልን ሁሴን አሕመድ

በላስታ፣ ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን የገባ እንግዳ እንጨትና ነጭ ኖራ የተፈራረቁበትን ግድግዳ አይቶ ይደነቃል። የላስታ ልጅ ነኝና፣ «ጣሪያውንም ቀና ብላችሁ እዩት» እላለሁ፤ እርስ በርስ የተጠላለፉ ጌጦቹን ምሁራን ከዘመኑ የእስላማዊት ግብፅ ጥበብ ጋር ያዛምዷቸዋል።

ጣሪያው የሁለቱን እምነቶች ጉርብትና ቢጠቁመኝም፣ የወሎን እስልምና በቅጡ ያሳወቁኝ ግን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ሁሴን አሕመድ ናቸው። ከእሳቸው በፊት ብዙው አጥኚ የሚደገፈው እንግሊዛዊው ትሪሚንግሃም ስለ ኢትዮጵያ እስልምና በ1952 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ነበር። ሁሴን የአገሬው ሸኾች በእጃቸው የጻፏቸውን መጻሕፍት ገለጡ፤ የወሎ የእስልምና ማዕከላት የሆኑትን የጀማ ንጉሥንና የገታን ሽማግሌዎች ጠየቁ። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው መጽሐፋቸው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎን በራሱ አንደበት ያናግረዋል። ለእኔ ትልቁ ውለታቸው ይህ ነው።

ሁሴን በ2009 እ.ኤ.አ. አረፉ፤ ሥራቸው ግን መቀጠል አለበት። የወሎ ወጣቶች ሆይ፣ የየቀያችሁን ሸኽና ቄስ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ጻፉ።