ዓሣ አጥማጅና ቀዛፊ በአንድ ወንዝ

በሰሜን ካሮላይና ተራሮች መንጭቶ፣ ጆርጂያንና ደቡብ ካሮላይናን እያዋሰነ የሚወርደው የቻቱጋ ወንዝ፣ እንዳይገደብና ዳርቻው በሕንፃ እንዳይወረር በአሜሪካ ምክር ቤት ዐዋጅ የተከለለው በሜይ 1974 ስለ ሆነ (ዘመኑ ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው)፣ በ2024 ኢዮቤልዩው ደርሷል። ነገር ግን የሃምሳውን ዓመት ታሪክ ለመረመረ ሰው፣ መራራው ክርክር ወንዙን ስለ ማዳን ሳይሆን፣ በዳነው ወንዝ ውስጥ ትራውት የተባለውን ዓሣ የሚያጠምደውና ጀልባ የሚቀዝፈው ሰው በምን ሥርዐት ጎን ለጎን ይኑሩ ስለሚለው ጉዳይ የተደረገው ሆኖ ይገኛል።

የነገሩ መሠረት ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1968 የፈረሙት የወንዞች ሕግ ሲሆን፣ የተከለሉትን ወንዞች የዱር፣ የመልክዐ ምድርና የመዝናኛ ብሎ በሦስት መዓርግ ይከፍላቸዋል። ቻቱጋም 57 ማይል ያህል በሆነው ርዝመቱ ሦስቱንም መዓርጋት ይዟል። የቀረው የሕጉ አንቀጽ ለጠበቆች ይቈይ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ የማደንቃቸው ሰው፣ እኛ የጊኒ ትልንና ትራኮማን ለማጥፋት በአገራችን በደከመው ማዕከላቸው የምናውቃቸው ጂሚ ካርተር ናቸው። ወንዙ በተከለለበት ጊዜ የጆርጂያ አገረ ገዥ የነበሩት እኚህ ሰው፣ ቡል ስሉስ የተባለውን አስፈሪ የውኃ መውደቂያ ከአንድ ጓደኛቸው ጋር በካኑ ወርደውት የወንዙን መከለል በብርቱ ደገፉ። ከዚህም ሌላ በላባና በክር የተሠራ ሰው ሠራሽ ዝንብ እየወረወሩ ትራውት ማጥመድን የሚወዱ ስለ ነበሩ፣ በኋላ የተጣሉት ሁለቱ ወገኖች በእርሳቸው ውስጥ ያለ ጠብ አብረው ኖረዋል።

ጠቡን ያመጣው የሰው ብዛት ነው። በዚሁ ወንዝ ላይ የተቀረጸው «ዴሊቨራንስ» የተባለው ፊልም በ1972 ከታየ በኋላ ልምድ የሌለው ሁሉ ጀልባውን እየያዘ ስለ ጎረፈና ብዙዎችም ስለ ሰጠሙ፣ ወንዙን የሚያስተዳድረው የደን አገልግሎት በ1976 ከአውራ ጎዳና 28 ድልድይ በላይ ያለውን 21 ማይል ለጀልባ ዘጋው። ታችኛው ወንዝ ለቀዛፊ፣ ላይኛው ለዓሣ አጥማጅና ጸጥታን ለሚሻ እግረኛ ተመደበ ማለት ነው። በታችኛው ክፍል ያለው የፈቃድ፣ የራስ ቁርና የመንሳፈፊያ ሰደርያ ደንብ በየትም ወንዝ የሚገኝ ስለ ሆነ አልዘረዝረውም።

የዓሣው አስተዳደር ግን ያስደንቃል። ከትራውት ዘሮች የወንዙ ተወላጅ ብሩክ ትራውት ብቻ ሲሆን፣ ቀስተ ደመናው ትራውት ከምዕራብ አሜሪካ፣ ቡናማውም ከኤውሮጳ የመጡ ናቸው፤ በባሌ የዌብ ወንዝ ያለው ትራውት ከኬንያ የመጣ እንግዳ እንደ ሆነ ሁሉ። መኪና በማይደርስበት ገደል ውስጥ ላለው ውኃ፣ በማራቢያ ጣቢያ ያደገው ዓሣ በሄሊኮፕተር ሥር በተንጠለጠለ ባልዲ ተወስዶ ከላይ ይለቀቃል። ከአውራ ጎዳና 28 ድልድይ በላይ እስከ ሪድ ክሪክ ገባር ድረስም ከኖቬምበር 1 እስከ ሜይ 14 በባለ አንድ መንጠቆ ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ብቻ ይጠመዳል፤ የተያዘውም ሁሉ ወደ ውኃው ይመለሳል። በጋው ሲገባና ውኃው ሲሞቅ ትራውት በሕይወት መቈየት ስለሚያዳግተው፣ ያን ጊዜ ወስዶ መብላት ይፈቀዳል። እንግዲህ ጀልባ የወንዙን ድንግልና ያረክሳል ብለው የተከራከሩት ሰዎች፣ የሚያጠምዱት ዓሣ ከሰማይ በባልዲ የወረደላቸው መሆኑን ዘንግተውት እንደ ሆነ እጠረጥራለሁ።

የጀልባው ክልከላ በ2004 ሲታደስ አሜሪካን ዋይትዋተር የተባለው የቀዛፊዎች ማኅበር ይግባኝ አለ፤ የደን አገልግሎቱ ዋና መሥሪያ ቤትም በ2005 ውሳኔው በቂ ማስረጃ የለውም ብሎ ጥናት አዘዘ። በ2007 የተካኑ ቀዛፊዎችና ዓሣ አጥማጆች በየራሳቸው ወገን ሆነው ወንዙን በልዩ ልዩ የውኃ መጠን ሞከሩት። በመጨረሻም በ2012፣ ከዲሴምበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ብቻ፣ ውኃው በሴኮንድ 350 ኪዩቢክ ጫማ (10 ሜትር ኩብ ያህል) ሲደርስ፣ በቀን ብርሃን በላይኛው ወንዝ አብዛኛው ክፍል እንዲቀዘፍ ተፈቀደ። በዚህ ያልረኩት ቀዛፊዎች ቢከሱም የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2014 ውሳኔውን አጸናው።

እኔ ግን የመጠኑን ደንብ ትክክል፣ የወራቱን ደንብ ትርፍ ሆኖ አገኘዋለሁ። ዝንብ የሚወረውር አጥማጅ እስከ ጉልበቱ ገብቶ የሚቆምበት ዝቅ ያለና የጠራ ውኃ ይፈልጋል፤ ካያክ ደግሞ ያን ጊዜ በዐለቱ ላይ ይፋተጋል። ዝናብ ወንዙን ሲሞላው ጀልባው ይንሳፈፋል፤ አጥማጁም ለመቆም ስለሚያዳግተው ዘንጉን ጠቅልሎ ይወጣል። የውኃው መጠን ሁለቱን ከለያቸው ወራት መቍጠር ለምን ያስፈልጋል? ቀጣዩ የአስተዳደር ዕቅድ በሚዘጋጅበት ጊዜ፣ የ350ው መለኪያ ጸንቶ የወራቱ ገደብ ሊነሣ ይገባዋል።