የጥላቻ ሥዕሎች ሙዚየም ውስጥ ምን ይሠራሉ?

ሙዚየም የሚያምር ወይም የሚያኮራ ቅርስ ቢሰበስብ ማንም አይገረምም። ሰውን ለማዋረድ የታተመ ሥዕል በገንዘቡ ገዝቶ፣ ብርሃንና እርጥበት እንዳያበላሸው ተጠንቅቆ ሲያስቀምጥ ግን “ለምን?” ያሰኛል። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ በርካታ ተቋማት የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በ2019 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በበርሊን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የአርተር ላንገርማን ቤተ መዛግብት አይሁዳውያንን የሚያጥላሉ ከ8,000 የሚበልጡ ሥዕሎችን ይዟል። ዋሽንግተን የሚገኘው የሆሎኮስት (ናዚዎች በአይሁዳውያን ላይ የፈጸሙት የጅምላ ጭፍጨፋ) መታሰቢያ ሙዚየምም ካትዝ ኤረንታል በተባለው ስብስቡ ከ900 በላይ ተመሳሳይ ሥራዎችን ያኖራል።

የበርሊኑን ስብስብ ያሰባሰቡት ላንገርማን የተወለዱት በ1942 በቤልጂየም፣ በአንትወርፕ ከተማ ነው። ገና ሕፃን ሳሉ ናዚዎች አይሁዳውያን ወላጆቻቸውን ወሰዱባቸው፤ አባታቸው በዚያው ቀሩ፣ እናታቸው ከአውሽዊትዝ የሞት ካምፕ ተርፈው ተመለሱ። በ1961 የናዚው ባለሥልጣን አዶልፍ አይሽማን ኢየሩሳሌም ውስጥ ለፍርድ ሲቀርብ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ያስጨረሰው ጥላቻ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ዕረፍት ነሳቸው። መልሱንም ሰው ሁሉ በየቀኑ ያያቸው በነበሩ ርካሽ ኅትመቶች ውስጥ መፈለግ ጀመሩ።

በስብስቦቹ ውስጥ ምን አለ?

አብዛኞቹ ተራ ነገሮች ናቸው፦ በገበያ የሚሸጡ ነጠላ ወረቀቶች፣ ፖስተሮች፣ የጋዜጣ ካርቱኖች፣ ተለጣፊዎች፣ የልጆች መጻሕፍት፣ ፖስታ ካርዶች። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በጀርመን ፍራንክፈርት “ከአይሁድ የጸዳን ነን” እያለ ራሱን የሚያስተዋውቅ ኮልነር ሆፍ የሚባል ሆቴል ነበር። እንግዶቹም ይህንኑ በሥዕል የሚያውጀውን የሆቴሉን ፖስታ ካርድ ለዘመድ ወዳጅ ሰላምታ ይጽፉበት ነበር። ካርዱ ፖስታ ውስጥ አይገባምና ከጻፈው ሰው እጅ እስከ ደብዳቤ አመላላሹ፣ ከዚያም እስከ ተቀባዩ ቤተሰብ ድረስ ሁሉም ያየዋል። ያፈረበት አልነበረም። አንድ ስድብ የሰላምታ ማጀቢያ እስኪሆን ድረስ መለመዱን የሚመሰክረው እንዲህ ያለው ትንሽ ወረቀት ነው።

ትሬንቶ፦ ውሸት ማተሚያ ቤት ሲገባ

በ1475 የፋሲካ ሰሞን፣ ዛሬ በሰሜን ጣሊያን በምትገኘው ትሬንቶ ሲሞን የተባለ የሁለት ዓመት ገደማ ሕፃን ጠፋ። አስከሬኑ በአንድ አይሁዳዊ ቤት ሥር በሚያልፍ ውኃ ውስጥ ተገኘ፤ መገኘቱን ለባለሥልጣናት ያመለከቱትም አይሁዳውያኑ ራሳቸው ነበሩ። ሆኖም “አይሁድ ለበዓላቸው የክርስቲያን ልጅ ደም ይፈልጋሉ” የሚለው አሮጌ ስም ማጥፋት ወዲያው ተነሣ። ይህን ክስ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት አራተኛ ገና በ1247 አውግዘውት ነበር። በኦሪቱም ቢሆን ደም መብላት ለእስራኤላዊ ፍጹም የተከለከለ ነው። በርካታ የትሬንቶ አይሁዳውያን ግን በስቃይ እንዲናዘዙ ተደርገው ተገደሉ። ከሮም የተላከው መርማሪ ጳጳስ የፍርድ ሂደቱን ቢጠራጠርም ሰሚ አላገኘም።

የትሬንቶውን ክስ ከቀደሙት የለየው ጊዜው ነው። የማተሚያ መሣሪያ ገና አዲስ ነበር። በትሬንቶ ከተማ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ በዚያው በ1475 የወጣ፣ የሲሞንን “ሰማዕትነት” በሥዕል የሚተርክ ጽሑፍ ሆነ። በ1493 ደግሞ በጀርመን ኑረንበርግ የታተመው የሃርትማን ሼደል ታላቅ የዓለም ታሪክ መጽሐፍ ታሪኩን በሥዕል አወጣው። ሕፃኑ በመካከል ቆሞ እጆቹ እንደተሰቀለ ሰው ተዘርግተዋል፤ ዙሪያውን የከበቡት ሰዎች ልብስ ላይ የአይሁድ ምልክት የሆነው ክብ ይታያል፤ ከሥር ደሙ የሚጠራቀምበት ሳህን አለ። ከእያንዳንዱ ሰው አጠገብ ስሙ ተጽፏል፦ ሙሴ፣ ሳሙኤል፣ ጦቢያ። ስሞቹ ሥዕሉን የዓይን ምስክር ቃል አስመሰሉት። ሠዓሊው ግን ያየው አንዳች ነገር አልነበረም፤ የተሣለው ድርጊት ከናካቴው አልተፈጸመምና።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሲሞንን እንደ ሰማዕት ማክበርን የሰረዘችው በ1965 ነው። ውሸቱን ለማተም ጥቂት ወራት በቂ ሲሆኑ፣ ለመሻር 490 ዓመታት ወሰደ። በዚህ መካከል ክሱ በየአገሩ ደጋግሞ ደም አፍስሷል። በ1946፣ ከሆሎኮስት ማግስት እንኳ፣ በፖላንድ ኪየልሴ ከተማ “አይሁድ ልጅ አፍነው ያዙ” የሚል ወሬ ተነዝቶ 42 አይሁዳውያን ተገድለዋል።

ሥዕሉ ሰውን የሚያሳምነው እንዴት ነው?

በመደጋገም። ቆልማማ አፍንጫ፣ የገንዘብ ከረጢት፣ እባብ፣ ሸረሪት፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ አንዴ ከለመዳቸው ማን እንደሚሰደብ ለማወቅ አፍታ አይፈጅበትም። ፈረንሳይ ውስጥ አይሁዳዊው ካፒቴን አልፍሬድ ድሬይፈስ በሐሰት የአገር ክህደት ክስ በተፈረደበት ዘመን፣ ከ1899 ጀምሮ የወጡት “የአስፈሪዎች ሙዚየም” የተሰኙ ፖስተሮች እርሱን በሰይፍ የተወጋ ባለ ብዙ ራስ ዘንዶ አድርገው ሥለውታል። ድሬይፈስ በ1906 ነፃ መሆኑ ተረጋገጠ። የናዚው ጋዜጣ “ዴር ሽቱርመር” ካርቱኒስት ፊፕስ ከዓመታት በኋላ የተጠቀመባቸው ምልክቶችም አዲስ አልነበሩም፤ ተመልካቹ ከአያቱ ዘመን ጀምሮ የሚያውቃቸው ነበሩ።

አንዱን ሥዕል ለብቻው ያየ ሰው “እሳት ከሌለ ጭስ አይኖርም፤ የሆነ እውነት ቢኖረው ነው” ሊል ይችላል። መቶውን ጎን ለጎን ሲያይ ግን ሠዓሊዎቹ ሰው አይተው እንዳልሣሉ፣ አንዱ ከሌላው እንደገለበጠ ይገለጥለታል። በተለያየ አገርና ዘመን የተሣለው ፊት አንድ ዓይነት ነው፤ እንዲህ ያለ ሕዝብ ደግሞ በምድር ላይ ኖሮ አያውቅም። የስብስቡ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ውሸቱን የሚያጋልጠው የራሱ ብዛት ነው።

ሙዚየሞች እንዴት ያሳዩታል?

ሥዕሉን እንዲሁ ግድግዳ ላይ መስቀል ስድቡን እንደገና ማሰራጨት ሊሆን ይችላል። የቪየና የአይሁድ ሙዚየም ማርቲን ሽላፍ ከተባሉ ሰው ስብስብ ያገኛቸውን ጸረ አይሁድ ምስሎች ጀርባቸውን ለተመልካች ሰጥተው እንዲቆሙ አድርጓል፤ ፊታቸውን ማየት የሚቻለው በመስታወት ብቻ ነው። የትሬንቶ ሀገረ ስብከት ሙዚየም ደግሞ በ2019 የከፈተው ዐውደ ርእይ ስሙ “ጥፋተኛን መፍጠር” የሚል ነበር። ለዘመናት የከተማዋ ኩራት ሆነው የኖሩትን የሲሞንን ምስሎች የፈጠራ ክስ ማስረጃ አድርጎ አቀረባቸው።

የሙዚየም ባለሙያ እንዲህ ያለ ወረቀት እጁ ሲገባ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ለማንኛችንም ይጠቅማሉ፦ ማን አሳተመው? ከየት ገለበጠው? በማን ላይ አነሣሣ? ማንስ ተጠቀመበት? ዛሬ እነዚያው አፍንጫዎችና የገንዘብ ከረጢቶች በየስልካችን ይዞራሉ፤ ሌላውንም ሕዝብ ለማስጠላት ይኸው ዘዴ ይሠራበታል። ሥዕሉን ለሌላ ሰው ከመላካችን በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ብንጠይቅ፣ ውሸቱ ቢያንስ በእኛ እጅ አያልፍም።